ደላላው ማሽን ዕቃውን አላየውም

ሀዋሳ አሞራ ገደል በማለዳ የደረሰ ዓሣ ገዢ ማስታወቂያ አያነብም። ጀልባው ወደ ዳር ሲጠጋ ቆሮሶውን በዓይኑ ያያል፤ ስንጥቡን ገልጦ ቅላቱን ይመረምራል። ሻጩ «አሁን ከሐይቁ የወጣ ነው» ብሎ ቢምልም ገዢው የሚያምነው ዓይኑንና አፍንጫውን ነው። ዙሪያውን የቆመው አባ ኮዳ እንኳ የሚጣልለትን ሳያይ አፉን አይከፍትም።

እዚያው ከተማ አልጋ የሚያከራየው ባለ ፔንሲዮን ግን ያለው ሌላ ገበያ ውስጥ ነው። ደንበኛው 275 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ተቀምጧል። ክፍሉን አላየም፣ አንሶላውን አልዳሰሰም፣ የሻወሩን ውኃ አልሞከረም። ቀብዱን በቴሌብር ከመላኩ በፊት በእጁ ያለው ማስረጃ ሁለት ፎቶግራፍና በቴሌግራም የተለጠፈ አምስት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። በዚህ ገበያ ቃል ራሱ ዕቃ ነው። ቃሉ ከተበላሸ ዕቃው ተበላሸ።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ፣ ሌሎችም መሰሎቹ ከተከተሉ ወዲህ ይህን ቃል ማምረት እጅግ ረክሷል። ቀድሞ ለጽሑፍ አዋቂ ይከፈል የነበረው ገንዘብና ይባክን የነበረው ሁለት ሦስት ቀን ዛሬ በስልክ ላይ ወደ ግማሽ ደቂቃ ወርዷል። ለነጋዴ ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። ለመሆኑ የተገኘው ትርፍ ምንድን ነው?

የተገኘው በአብዛኛው ተመሳሳይ ማስታወቂያ ነው። «የተፈጥሮ ውበት ከዘመናዊ ምቾት ጋር የተዋሐደበት»፣ «የማይረሳ ቆይታ የሚያሳልፉበት»፣ «ጥራት መለያችን የሆነው» የሚሉ ሐረጎች ከሆቴሉም፣ ከቡና ቤቱም፣ ከቤት ዕቃ መደብሩም አፍ እኩል ይወጣሉ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ሀዋሳ የሚለውን ስም ሰርዞ ባሕር ዳር ወይም ቢሾፍቱ ብሎ መተካት ነው። ማስታወቂያው ምንም ሳይጎድልበት ካነበበ ለሀዋሳው ድርጅት አልተጻፈም ማለት ነው። ገንዘብ ባይወጣበትም የደንበኛ ትኩረት ወጥቶበታል፤ እሱ ደግሞ ከገንዘብ ይወደዳል።

ብዙዎች ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ይደፋሉ። ፍርዱ ግን የተዛባ ነው። ቤቱን ሳያይ ገዢ የሚያግባባ ደላላ ምን ይላል? «ቆንጆ ቤት ነው፣ ሰፈሩ ሰላም ነው፣ ዋጋው የሚያስማማ ነው» ይላል። ሌላ ምን ሊል ይችላል? ማሽኑ ያ ደላላ ነው። አንደበቱ ርቱዕ ነው፣ አይደክምም፣ ኮሚሽንም አይጠይቅም። ዕቃውን ግን አላየውም። የሚሠራው ቀድሞ ከተማረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው። ሆቴል በተባለበት ጽሑፍ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አዘውትሮ ስለሚገኝ፣ ባለቤቱ ዝም ካለ ገንዳውን ራሱ ይቆፍርለታል። ገዢው አላየ፣ ጸሐፊው አላየ! ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል የሚባለው ይኸው ነው፤ ገደሉም ዓሣ የሚበላበት አሞራ ገደል አይደለም።

ስለዚህ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው ለማሽኑ በሚሰጠው ትዕዛዝ፣ ባለሙያዎቹ ፕሮምፕት በሚሉት ላይ ነው። «ለፔንሲዮኔ ጥሩ ማስታወቂያ ጻፍልኝ» ማለት ለልብስ ሰፊ «ጥሩ ሱሪ ስፋልኝ» ብሎ ሳይለኩ እንደ መሄድ ነው። ሱሪው ይሰፋል፤ ለማን እንደሚሆን ግን ሰፊውም አያውቅ።

በአንጻሩ 14 ክፍል ያለው አንድ ፔንሲዮን አለ እንበልና ባለቤቱ እንዲህ ብሎ ቢያዝስ?

«ሀዋሳ ውስጥ 14 ክፍል ያለው ፔንሲዮን አለኝ። ሐይቁ በእግር 15 ደቂቃ ያስኬዳል፤ ከክፍሎቹ ግን አይታይም። ማስታወቂያው ከአዲስ አበባ ለሥልጠናና ለስብሰባ ለሚመጡ ሠራተኞች ነው። እነሱ የሚፈልጉት ሕጋዊ ደረሰኝ፣ ኢንተርኔት፣ ጸጥታና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የሚቀርብ ቁርስ ነው፤ አራቱም አሉን። ጄኔሬተር አለን። የመዋኛ ገንዳና ባር የለንም። ዋጋው ቁርስን ጨምሮ 1,500 ብር ነው። በእርስዎታ አናግራቸው። ከ60 ቃል አይብለጥ። ከነገርኩህ ውጭ ምንም አትጨምር። የጎደለህ መረጃ ካለ ከመጻፍህ በፊት ጠይቀኝ።»

ይህ ትዕዛዝ ምንም ምሥጢር የለበትም። ገዢው ማን እንደሆነ ይናገራል፣ ያለውን ይቆጥራል፣ የሌለውን ያምናል፣ ልክ ያበጃል፣ ጭማሪ ይከለክላል። ሥልጠና የሚመጣ ሠራተኛ አበሉን የሚያወራርደው በደረሰኝ ነው፤ ለእሱ «ሕጋዊ ደረሰኝ እንሰጣለን» የሚሉ ሦስት ቃላት ስለ ፀሐይ መጥለቂያ ከሚጻፍ አንድ ገጽ ቅኔ ይበልጡበታል። ቅዳሜና እሑድን ከልጆቹ ጋር ለማሳለፍ የሚመጣው አባወራ ደግሞ ስለ ደረሰኝ ግድ የለውም፤ እሱ የሚጠይቀው ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ተጨማሪ ፍራሽ ነው። ማሽኑ ይህን ልዩነት በራሱ አያውቅም። የሚያውቀው በየቀኑ እንግዳ የሚቀበለው ባለቤቱ ነው።

በትዕዛዙ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ብዙ ነጋዴ ሊጽፈው የማይፈልገው ነው፤ «ሐይቁ ከክፍሎቹ አይታይም» የሚለው። ማስታወቂያ ለማጻፍ የሌለን ነገር መናገር ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። ያልተነገረውን ማሽኑ ይሸጠዋል። ሐይቅ አያለሁ ብሎ የመጣ እንግዳ መስኮት ከፍቶ የጎረቤት ግንብ ሲያይ፣ ቀብዱ ቢመለስለት እንኳ የሄደው እምነት አይመለስም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። «ማሽኑ ነው የጻፈው» የሚለው መከላከያ የትም አያደርስም። በማስታወቂያው ላይ የሰፈረው የድርጅቱ ስም ነው።

ከዚህ ሌላ ለአገር ቤት ነጋዴ ብቻ የተዘጋጁ የሚመስሉ ወጥመዶች አሉ። ማሽኖቹ ከአማርኛ ይልቅ እጅግ የበዛ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተምረዋልና ልማዳቸውም የዚያው ነው።

አንደኛው ሰዓት ነው። «ክፍል የሚለቀቀው በ12 ሰዓት ነው» የሚል ጽሑፍ ለፈረንጅ እኩለ ቀን፣ ለአገሬው የማታ መግቢያ ነው። በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ፤ አንድ አልጋ በበዓል ሰሞን ለሁለት ሰው የሚሸጠውና ጠብ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚሉ ሁለት ቃላት በትዕዛዙ ውስጥ ቢገቡ ጣጣው ይቀራል።

ሁለተኛው ቀን ነው። ለታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ የሚጻፍን ማስታወቂያ ማሽኑ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ወሩን ለውጦ ቁጥሩን እንዳለ ሊተወው ይችላል፤ በዓሉ ግን በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28 አካባቢ ነው የሚውለው። ፍቼ ጫምባላላ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ በየዓመቱ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት ከዋክብት የሚያነቡ አያንቶዎች ናቸው። ማሽኑ ቀኑን ቢጠየቅ ሳያፍር አንድ ቀን ሊቆርጥ ይችላል። ቀኑን አጣርቶ መስጠት የነጋዴው ፋንታ ነው።

ሦስተኛው አነጋገር ነው። በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ «ይምጡ» ብሎ ጀምሮ «ደውል» ብሎ የሚጨርስ ጽሑፍ እየበዛ ነው። እንግሊዝኛው አንተንም እርስዎንም እናንተንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ማሽኑ አክብሮቱን መሐል መንገድ ላይ ይጥለዋል። የትኛው እንደሚፈለግ አስቀድሞ መንገር፣ ኋላም ጮክ ብሎ ማንበብ ነው መድኃኒቱ። በሲዳምኛ ለሚጻፈው ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ ማሽኖቹ በዚያ ቋንቋ ያዩት ጽሑፍ ከአማርኛውም ያነሰ ስለሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳያየው መለጠፍ በደንበኛ ቋንቋ ላይ መቀለድ ይሆናል።

አራተኛው ስም ነው፤ እዚህ ላይ ትልቅ ገንዘብ አለ። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ ከስታርባክስ ጋር የተፈጠረው ውዝግብ በስምምነት የተዘጋው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ያ ሁሉ ክርክር የቡና ስም ራሱን የቻለ ንብረት ስለሆነ ነው። በውጭው ገበያ ዘመናት የቆየው ስም «ሲዳሞ» ነው። ሕዝቡና ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ የሚጠሩት ግን «ሲዳማ» ተብለው ነው። ማሽኑ ሁለቱን ሊያቀላቅል፣ አንዳንዴም ባንድ አንቀጽ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ለውጭ ገዢ የሚላክ ጽሑፍና ሀዋሳ መደብር በር ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ አንድ ስም ላይጠቀሙ ይችላሉ፤ የትኛው የት እንደሚገባ መወሰን ያለበት ቡናው የሚሸጥበትን ገበያ የሚያውቀው ነጋዴ ነው።

ቡና ከተነሣ አንድ ነገር ይታከል። በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185.10 ዶላር አወጣ። ያን ዋጋ ያመጣው «ምርጥ ቡና» የሚል ቃል ሳይሆን ቀማሾች የማንነቱን ስም ሳያውቁ ሰጥተው የመዘገቡት ነጥብ ነበር። የትኛው ወረዳ፣ ምን ያህል ከፍታ፣ የታጠበ ነው ወይስ በፀሐይ የደረቀ፤ ገዢ የሚከፍለው ለእነዚህ ነው። ትዕዛዙ ውስጥ እነዚህ ከሌሉ ከማሽኑ የሚወጣው ገለባ ነው።

እንግዲህ ብልህ ነጋዴ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ይህን ሁሉ ከነገርኩት እኔው ራሴ አልጽፈውም ወይ? ጥያቄው ትክክል ነው። አንድ ማስታወቂያ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ራሱ ቢጽፈው ይሻለዋል፤ ቃሉ ባያምርም የራሱ ነው። የማሽኑ ጥቅም የሚታየው የተመዘገበውን መረጃ ይዞ አንዱን ለሠልጣኙ፣ አንዱን ለአባወራው፣ አንዱን ለሙሽሮቹ፣ ረጅሙን ለፌስቡክ፣ አጭሩን ለስልክ መልእክት በአንድ ማለዳ ሲያወጣ ነው። ከእነዚያ ሁለቱን መርጦ አንዱን በዚህ ሳምንት፣ ሌላውን በሚቀጥለው ለጥፎ ስንት ሰው እንደ ደወለና ስንቱ ቀብድ እንደ ላከ መቁጠር ይቻላል። ያማረውን ከሸጠው የሚለየው ይህ ቆጠራ ብቻ ነው። ቀድሞ ደንበኛ ያመጣ የራስ ማስታወቂያ ካለም ለማሽኑ በምሳሌነት ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ወጪውም ይታሰብ። ለመጀመር ነፃው አገልግሎት ይበቃል። የሚከፈልበት የተለመደው አገልግሎት በወር 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በወር አንድ አልጋ ተጨማሪ የማያከራይ ጽሑፍ ያን አይመልስም። የደንበኞችን ስምና ስልክ ለማሽኑ መስጠት ግን በነፃም በክፍያም አይገባም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና።

የሀዋሳ ነጋዴ ስልኩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ወረቀት ቢያወጣ ይበጀዋል። ምን እንዳለው፣ ምን እንደሌለው፣ ማን እንደሚገዛው፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ አንዴ የመጣ ደንበኛ ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ ይጻፍበት። ወረቀቱ ከሞላ ትዕዛዙ አለቀ ማለት ነው፤ የቀረውን ማሽኑ ይጨርሰዋል። የመጨረሻው ጥያቄ ባዶ ከቀረ ግን የጎደለው ማስታወቂያ አይደለም፤ ዕቃው ራሱ ነው።