ኮምፒዩተር የተማረ ለሒሳብ ባዳ ነውን?

በየዶርሙ የማይሞት አንድ ሙግት አለ። ኮምፒዩተር ሳይንስ ያጠና ልጅ በሒሳብ ማስተርስ ለመቀጠል ሲያመለክት ትምህርቱ ያግዘዋል ወይስ ከደጅ ያስመልሰዋል? አንደኛው ወገን «ዛሬ ኮምፒዩተር የማይከፍተው በር የለም» ይላል። ሁለተኛው ወገን «እነሱ እኮ ባለ እጅ ናቸው፤ ሒሳብ ሌላ ነው» ብሎ አፍንጫውን ይነፋል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። «እናንተን ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?» ለምትሉን፣ ሙግቱ «ማወቅ» በሚለው ቃል ላይ ነውና ያገባናል። ሁለቱንም ወገኖች እንቃወማለን።

ነገሩ ለከሚሴ ልጅ ቀልድ አይደለም። ሒሳብ የሚወድ ልጅ ምርጫ ሲሞላ ዘመድ አዝማድ ከቦ «አስተማሪ ሆነህ ልትቀር ነው?» ይለዋል። ስለዚህ ኮምፒዩተር ይሞላል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተሩ ኮምቦልቻ ነው፣ ሒሳቡ ደሴ። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ዳገት ብቻ ነው፤ ተማሪው ግን ባሕር የተሻገረ ያህል ይቆጠራል። ዓመታት አልፈው የድሮ ፍቅሩ ሲቀሰቀስበት «ዲግሪህ ሌላ ነው» ተብሎ ይመለስ?

እስቲ በምሳሌ እንየው። በባቲ የሰኞ ገበያ 13 ከረጢት ማሽላ አለ እንበል፣ እያንዳንዱ 22 ኪሎ። በባሕር ማዶ የሒሳብና የፕሮግራም ጽሑፎች ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚሉት ዘዴ አለ (ጥንታውያን ግብፆችም ተመሳሳዩን ያውቁ ነበር፤ ሌሎች ደግሞ የሩሲያ ገበሬ ዘዴ ይሉታል፤ የስም ጉዳይ ነው)። በግራ 13ን እያጋመስክ ትርፉን ትጥላለህ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 22ን እያጠፍክ ትሄዳለህ፦ 22፣ 44፣ 88፣ 176። በግራ ለሁለት እኩል የሚከፈለው 6 ነውና የእሱን መስመር ትሰርዛለህ። የቀሩትን 22፣ 88ና 176 ስትደምር 286 ኪሎ። ልክ ነው።

ይኸን በአምስት መስመር ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ሞልቷል። በሺህ ቁጥር ሞክሮ «ይሠራል» ይልሃል። ሞክሮ ማየት ግን ማወቅ አይደለም። ለማንኛውም ቁጥር ለምን ይሠራል? ብለህ ስትጠይቀው ዝም ካለ፣ የሁለተኛው ወገን ንቀት እውነት አለው።

ዝም የማይለው ልጅስ? እሱ እንዲህ ይልሃል፦ በየመስመሩ ግራውን በቀኝ አባዛና እስካሁን ለብቻ ያስቀመጥከውን ጨምርበት። 13 በ22 286 ነው። 6 በ44 ሲደመር 22፣ 286። 3 በ88 ሲደመር 22፣ አሁንም 286። 1 በ176 ሲደመር 110፣ ያው 286። መስመሩ ይለዋወጣል፣ ድምሩ ንቅንቅ አይልም፤ ግራውን ስታጋምስ ቀኙን ታጥፋለህ፣ ከማጋመስ የተረፈውንም ለብቻ ይዘኸዋል። ይኸ ማረጋገጫ ነው፤ በተማሪ ቋንቋ ፕሩፍ። ልጁ የተማረው አልጎሪዝም በሚባለው ኮርስ ነው፣ የሠራው ግን ሒሳብ ነው። እሱን ባለ እጅ ብሎ የሚጠራ ሰው ሒሳብ ምን እንደሆነ እንጠራጠረዋለን፣ ያውቀው ይሆን?

ደግሞስ ማን ለያያቸው? በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል ኽዋሪዝሚ «አልጀብራ» የሚለው ቃል ከመጽሐፉ ርእስ፣ «አልጎሪዝም» ደግሞ ከራሱ ስም ወጡ። ያው መጽሐፍ ሰፊ ክፍሉን የያዘው የውርስ ድልድል ነው። በወሎ ሸኽ ዘንድ ፈራኢድ የቀራ ደረሳ ይኸን ቢሰማ አይደንቀውም። እ.ኤ.አ. በ1936 ቱሪንግ የማስሊያ ማሽንን ሐሳብ በወረቀት ላይ ሲነድፍ የያዘው የሒሳብ ጥያቄ ነበር። ኮምፒዩተር ሳይንስ ከሒሳብ ቤት የወጣ ልጅ ነው፤ ሲመለስ መታወቂያ ይጠየቃል?

ለአንደኛው ወገንም ነገር አለን። እ.ኤ.አ. በ1976 አፔልና ሀከን የአራቱን ቀለማት ጥያቄ በኮምፒዩተር ፈቱ እያላችሁ ታደነቁሩናላችሁ። ፈቱ። ግን ቁጥር ስፍር የሌለውን የካርታ ዓይነት ማሽን ሊፈትሸው ወደሚችል ጥቂት ሺህ እንኳ ወደማይሞላ ዝርዝር ያወረደው የሰው ማረጋገጫ ነው። ድረ ገጽ መሥራት፣ ኔትወርክ መዘርጋት ለእንጀራ የከበረ ሙያ ነው፤ ሒሳብ ክፍል ደጃፍ ላይ ግን አንድ ሳንቲም አያወጣም። ጉድለቱም አይካድ፦ የኮምፒዩተር ተማሪ ዲስክሪት ሒሳብ፣ አውቶማታና አልጎሪዝም ይማራል፤ ሪል አናሊሲስና አብስትራክት አልጀብራ ግን ሳያይ ይመረቃል። የሒሳብ ማስተርስ የሚቆመው በእነዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ሒሳብ ክፍሎች የዲግሪውን ስም ትተው ማረጋገጫ ያስጽፉት። ከቻለ ይግባ፤ የጎደሉትን ሁለት ሦስት ኮርሶች በአንድ ሴሚስተር ያሟላ። አመልካቹም በማመልከቻው ላይ ያወቃቸውን የፕሮግራም ቋንቋዎች መደርደሩን ይተው። የድጋፍ ደብዳቤውን ፕሩፉን አንብበው ቀይ እስክሪብቶ ካሳረፉበት መምህር ያጽፍ። ገና ሦስተኛ ዓመት የሆንክ የኮምቦልቻ ወንድማችን፣ አንቺም እኅታችን፣ በሳምንት አንድ ቀን ሐረጎን ወጥታችሁ አናሊሲስ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መምህሩን አስፈቅዱ እንጂ የሚያባርራችሁ የለም።