የኖታ ሶፍትዌር ስትመርጡ መውጫውን እዩ

ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ሜክሚዩዚክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፊናሌን ከዚህ በኋላ እንደማያለማና እንደማይሸጥ አስታወቀ። ፊናሌ ለ35 ዓመታት ያህል የሙዚቃ ኖታ በኮምፒውተር ሲጻፍበት የኖረ ሶፍትዌር ነው። አቀናባሪዎች፣ የትምህርት ቤት ባንድ መሪዎች፣ ኖታ የሚያሳትሙ ድርጅቶች ዕድሜያቸውን የሠሩት እሱ ላይ ነው። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው፦ ኮዱ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ሆኗል፣ ዊንዶውስና ማክ በየጊዜው ይለዋወጣሉ፣ አሮጌውን ቤት እየጠገኑ መኖር አላዋጣም።

ሰውን ያንገበገበው ግን መዘጋቱ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከአንድ ዓመት በኋላ ፊናሌን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስፈቀድ እንደማይቻል ይናገር ነበር። አስቡት፤ ገንዘብ ከፍላችሁ የገዛችሁት ነገር ነው፣ ኮምፒውተራችሁ ሲበላሽ ግን የሃያ ዓመት ሥራችሁን የሚከፍት ቁልፍ የለም ማለት ነው። ጩኸቱ በረታና ኩባንያው ወዲያው ሐሳቡን ቀየረ፤ ፈቃዱ መሰጠቱ ይቀጥላል አለ። ጥሩ አደረገ። ነገር ግን ቁልፉ የማን እጅ ላይ እንዳለ ሁሉም ሰው በዚያ ቀን አየ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት የመቀየሪያ ወጪ የሚባለው ነገር ነው። የኖታ ሶፍትዌር ትልቁ ዋጋ ሱቁ ላይ የተጻፈው አይደለም። ጣት የለመዳቸው አቋራጭ ቁልፎች፣ በዓመታት የተሠሩ የገጽ አቀማመጦች፣ አንድ ሌላ ፕሮግራም በትክክል የማያነባቸው ፋይሎች፣ ዋጋው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ለዚህ ነው ስታይንበርግ ዶሪኮ ፕሮን ለፊናሌ ባለቤቶች ከ579 ዶላር ወደ 149 ዶላር አውርዶ ያቀረበው። ቸርነት እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ የተሻገረ ደንበኛ ቶሎ አይመለስም፤ ቅናሹ የሚቀጥሉትን አሥር አሥራ አምስት ዓመታት መግዣ ነው።

የዶሪኮ አወላለድ ራሱ ታሪክ አለው። ሲቤሊየስን መንትዮቹ ቤንና ጆናታን ፊን እንግሊዝ አገር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ አቀረቡት። በ2006 አቪድ ገዛው። በ2012 አቪድ የለንደኑን የልማት ቢሮ ዘጋ። ከቢሮው የወጡት ባለሙያዎች ምን አደረጉ? በዳንኤል ስፕሬድበሪ መሪነት በያማሃ ሥር ወዳለው ስታይንበርግ ሄዱና ከባዶ ጀምረው ዶሪኮን ሠሩ፤ በ2016 ወጣ። አቪድ ስሙንና ኮዱን ይዞ ቀረ፣ ዕውቀቱ ግን በበሩ ወጥቶ ተፎካካሪ ሆኖ መጣ። ወጪ ቀነስኩ ብሎ የገዛ ባላንጣውን ያደራጀ ኩባንያ ፈልጉ ብባል መጀመሪያ የምጠራው ይህንን ነው። (ሲቤሊየስ ዛሬም አለ፣ ብዙ ሰውም ይጠቀምበታል። የየወሩ ወይም የየዓመቱ የደንበኝነት ክፍያው ግን ለእኔ ዓይነቱ ኪስ አይመችም።)

ከዚያ ሚዩዝስኮር አለ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. አራተኛው እትም ሲወጣ የድምፁም የገጹም ጥራት ብዙ ሰው ካሰበው በላይ ሆነ። "እንግዲህ ነፃ ካለ ውድድሩ አለቀ እኮ" የሚሉ አሉ። አላለቀም። የሚያለማው ሚዩዝ ግሩፕ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም፤ ሰዎች ኖታ የሚጭኑበትና የሚያወርዱበት በክፍያ የሚሠራ ድረ ገጽ አለው፣ በ2023 መጨረሻ ደግሞ ታላቁን የኖታ አሳታሚ ሃል ሌናርድን ገዝቷል። ብዕሩን በነፃ የሚሰጠው ወረቀት ስለሚሸጥ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ነውር የለበትም፣ ደህና ንግድ ነው። ግን ብዙ ጀማሪ ነፃውን ሶፍትዌርና የሚያስከፍለውን ድረ ገጽ አንድ አድርጎ ያያቸውና "ነፃ ነው ብላችሁ ካርድ ጠየቀኝ" ይላል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ሶፍትዌሩን ለመጠቀም አንድ ሳንቲም አይጠየቅም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ግን የፋይሉ ነው። ማይክል ጉድ የተባለ ሰው የፈጠረው ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል የሚባል የጋራ ቅርጸት አለ፤ የመጀመሪያው እትም የወጣው በ2004 ነው። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ኖታ የሚሻገርበት ድልድይ ማለት ነው። የሚገርመው በ2011 ይህን ድልድይ የገዛው የፊናሌው ባለቤት ሜክሚዩዚክ ራሱ ነበር። የፊናሌ ሰዎች ቤቱ ሲዘጋ የወጡት ባለቤቱ ገዝቶት በነበረው በር ነው። በሩ ግን ጠባብ ነው። ድምፆቹ፣ ምታቸው፣ ግጥሙ በደህና ያልፋሉ፤ ለሕትመት በእጅ የተስተካከለው የገጽ አቀማመጥ ግን መንገድ ላይ ይረግፋል። የአንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ኖታ ያሻገረ ሰው ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ ያውቀዋል።

እኛ አገር ነገሩ ሌላ ቀለም ይጨመርበታል። ፊናሌ የተዘጋው ብሩ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ አንድ ወር ሳይሞላ ነው። ያ 149 ዶላር ከዚያ በፊት በባንክ ዋጋ 8,500 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ15,000 ብር በላይ ሆነ። ብሩ ቢገኝ እንኳ በኦንላይን በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? እና የተሰነጠቀ ቅጂ በፍላሽ ይዞራል፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የተሰነጠቀ ቅጂ ነፃ ይመስላል እንጂ ልምዱ፣ ፋይሉ፣ ሰዓቱ ሁሉ የሚከማቸው መቼም ሕጋዊ ደንበኛው በማትሆኑበት ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለጀማሪና ለተማሪ ሚዩዝስኮርን እመክራለሁ። ገንዘቡ ላለውና ከባድ ሥራ ለሚሠራ ዶሪኮ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ነፃ አነስተኛ እትምም ስላለው ሳይገዙ መሞከር ይቻላል። የትኛውንም ያዙ፣ አንድ ሥራ ባለቀ ቁጥር አንድ ፒዲኤፍ፣ አንድ ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችም ቢያስቡበት ደግ ነው። ተማሪን በአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ብቻ ማሠልጠን ለኩባንያው በነፃ ደንበኛ ማዘጋጀት ነው።

ሌላም አለ። ከላይ የጠራኋቸው በአምስት መስመር ላይ የቆሙ ናቸው። የእኛ የዜማ ምልክት ግን በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት የሚነገርለት፣ ከቃሉ በላይ የሚጻፍ ሥርዓት ነው። አንዷ የፊደል ምልክት አንድ ድምፅ ሳትሆን አንድ አጭር የዜማ ሐረግ ታመለክታለች። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት የሚባሉት ምልክቶች በ2005 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል፤ ኮምፒውተሩ ያውቃቸዋል። የሚጎድለው እነሱን ከዜማው ጋር አገናኝቶ የሚያነብ መሣሪያ ነው። ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ለዚህ ብሎ መሐንዲስ ይቀጥራል ብዬ አልጠብቅም፣ ሒሳቡ አይመጣለትም። ሊሊፖንድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን የጎርጎርዮሳውያንን ጥንታዊ አራት ማዕዘን ኖታ መጻፍ ይችላል፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈለጉት ሰዎች ገብተው ሠሩት። ድጓ የተማረና ኮድ የሚጽፍ ልጅ ደግሞ በዚህ ከተማ አይጠፋም። የጀመረ ካለ ያሳውቀኝ፤ ለመሞከር ዝግጁ ነኝ።