መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ለምን አብሮ ይጠፋል?

የመብራት መጥፋት ለግቢያችን ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው በመብራቱ ለማማረር አይደለም። የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መብራቱ በጠፋ ቍጥር ኢንተርኔቱ አብሮ መጥፋት አለበትን? አለበት የሚል ቢኖር አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምነዋለን። ተማሪው በኪሱ የያዘው ስልክ ባትሪ አለው፤ ላፕቶፑም ባትሪ አለው። ባትሪ የሌላት በኮሪደሩ ግድግዳና በሕንፃው ጣሪያ ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ዕቃ ብቻ ናት። የመኝታ ቤቱ ተማሪ ሁሉ መሣሪያውን ይዞ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ይህች ዕቃ አንድ አምፑል የሚበላውን ያህል ኤሌክትሪክ በማጣቷ ሁሉንም ሥራ ታስፈታለች።

ጕዳቱ ለሁላችንም እኩል ቢሆን ኖሮ ታግሠን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን እኩል አይደለም። ጨለማው በሁላችን ላይ አንድ ዓይነት ይወርዳል፤ ኢንተርኔት ማጣቱ ግን የሚከብደው በድኻው ተማሪ ላይ ነው። ገንዘብ ያለው ከስልኩ ዳታ ገዝቶ ጽሑፉን በሰዓቱ ያስረክባል። ከሩቅ አገር መጥቶ ከቤቱ የሚላክለት የሌለው ግን መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የማስረከቢያው ሰዓት ግን እሱን አይጠብቅም። ጉዳዩ የሽቦና የብሎን ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

በኅብረታችን ስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳቦች ቀርበዋል። አንደኛው ጄኔሬተር ይገዛ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ኢንቨርተር ከነባትሪው ይገዛ የሚል ነው። እኛ ሦስተኛ ሐሳብ እናቀርባለን፤ ይኸውም ባትሪው በመካከሉ ኢንቨርተር ሳይገባ ዕቃዎቹን በቀጥታ በዲሲ ይመግብ የሚል ነው። «የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ ምን አገባቸው?» የሚሉን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ሆኖም ሒሳቡ ከማባዛትና ከማካፈል የማያልፍ ስለ ሆነ እኛም ደፍረናል።

ከግድግዳው ሶኬት የሚወጣው 220 ቮልት ኤሲ ነው። ራውተሩና የጣሪያው ሬዲዮ ግን የሚሠሩት በዲሲ ነው፤ አንዳንዱ በ12፣ አንዳንዱ በ24፣ አንዳንዱም በ48 ቮልት። በገመዱ ጫፍ የምናያት ጥቁር አዳፕተር ሥራዋ ኤሲውን ወደ ዲሲ መለወጥ ነው። ባትሪም የሚሰጠው ዲሲ ነው። እንግዲህ ባትሪውና ዕቃው የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። ኢንቨርተር ስናስገባ ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ኤሲ ያወጣዋል፤ አዳፕተሯ ደግሞ መልሳ ወደ 12 ታወርደዋለች። ይህ ሁለት የጎጃም ሰዎች በአስተርጓሚ በፈረንሳይኛ እንደ መነጋገር ነው፤ አስተርጓሚውም ደመወዙን የሚቀበለው ከባትሪው ነው።

ደመወዙ ምን ያህል ነው? በአንድ መኝታ ቤት ያሉት ዕቃዎች፣ የጣሪያው ሬዲዮ፣ ዋይፋዩና ትንሿ ስዊች በድምሩ 25 ዋት ይበላሉ እንበል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባንጠቀምበት 600 ይተርፈናል። 600 ለ25 ሲካፈል 24 ሰዓት ነው። አሁን ኢንቨርተሩን እናስገባ። ኢንቨርተር ሥራ ባይኖረው እንኳ በርቶ እስካለ ድረስ ለራሱ የሚበላው አለ፤ ይህን 10 ዋት፣ በመለዋወጡ የሚባክነውን 5 ዋት ብንል 25 የነበረው 40 ይሆናል። 600 ለ40 ሲካፈል 15 ሰዓት ብቻ ነው። በቀጥታውም መንገድ ጥቂት ብክነት ስላለ 24ቱ ወደ 22 ይውረድ እንበል። ያም ሆኖ በዚያው ባትሪ፣ በዚያው ገንዘብ፣ ሰባት ሰዓት እናተርፋለን።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ወላጆቻችን እንደሚያስታውሱት፣ በቀድሞው የመዳብ ሽቦ ዘመን መብራት ጠፍቶም የቤት ስልክ ይሠራ ነበር። ምክንያቱ ስልኩ የሚመገበው ከቤቱ ሶኬት ሳይሆን ከማዞሪያው ጣቢያ 48 ቮልት ባትሪ በራሱ በስልኩ ሽቦ ስለ ነበረ ነው። የሞባይል ማማዎችም በአብዛኛው የሚሠሩት በዚሁ በ48 ቮልት ዲሲ ነው። የስልክ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት የኖሩትን ዘዴ እኛ ለአንድ ኮሪደር የምናጣበት ምክንያት አይታየንም።

ኢንቨርተር ሌላም ጣጣ አለው። ሶኬት አለው። ሶኬት ባለበት ደግሞ ካውያ ይሰካል፤ የውሃ ማፍያ ይሰካል። መብራት በጠፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ የኢንተርኔቱ ባትሪ ለአንድ ሸሚዝ መተኰሻ ሆኖ ያልቃል። በዲሲ መስመር ላይ ግን ካውያ የሚሰካበት ቀዳዳ የለም። ጓደኞቻችንን ለማማት አይደለም፤ ሰው መሆናችንን ስለምናውቅ ነው።

ጄኔሬተሩስ? ለትልቅ ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ለብዙ ሺህ ዋት የተሠራ ሞተር ለ25 ዋት ማስነሣት ለአንድ ሲኒ ቡና ሙሉ ጭነት እንጨት እንደ ማንደድ ነው። ነዳጅ ይፈልጋል፤ የሚያስነሣው ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው እስኪመጣም ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ይቆያል። ባትሪው ግን ማንንም አይጠራም፤ መብራት መጥፋቱንም ተማሪው በኢንተርኔቱ በኩል አያውቀውም።

«ግድባችን አልቋልና ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉም አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ደስታችንም ኵራታችንም ነው። ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይል ከደጃፍ ማድረስ ሁለት ሥራዎች ናቸው። በመካከሉ ብዙ ምሶሶና ትራንስፎርመር አለ፤ አንድ ዛፍ በሽቦው ላይ ቢወድቅ ግድቡ ሞልቶ ሳለ ኮሪደራችን ይጨልማል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለባትሪም ይሠራል።

ይሁን እንጂ ባትሪ ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። አንደኛ፣ ኢንተርኔቱ ሰንሰለት ነው። የመኝታ ቤቱ ዕቃ ቢሠራ፣ የሚያቀብለው ዋና ክፍል ግን ከጠፋ ትርፉ ባዶ ነው፤ ስለዚህ በመንገዱ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ባትሪ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ቀስ እያለ ለመመገብ አልተሠራም፤ ደጋግሞ እስከ ታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ለዚህ ሥራ የተሠራውን መግዛት፣ ኃይሉም ሲያንስ መስመሩን የሚቈርጥ መሣሪያ መጨመር ያስፈልጋል። ዋጋው ቢፈቅድ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ባትሪ ዕድሜው ይረዝማል። ሦስተኛ፣ የባትሪው ቮልት ሲሞላ ከፍ፣ ሲጎድል ዝቅ ስለሚል፣ በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ሳያነቡ ማገናኘት ዕቃውን ማቃጠል ነው፤ ካስፈለገ ቮልቱን የሚያስተካክል መለወጫ ይገባል። አራተኛ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ መኖር አለበት። 12 ቮልት ሰውን ባይመታም ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ እሳት ያስነሣል። የሊድ አሲድ ባትሪም ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሌለው ቁም ሣጥን ውስጥ አይቈለፍም።

እንግዲህ ለኅብረታችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የጄኔሬተሩ ግዢ ለጊዜው ይቆይ። በአንድ መኝታ ቤት፣ ከዚያ እስከ ዋናው ክፍል ባለው መስመር ላይ፣ ዲሲው ለአንድ ሴሚስተር ይሞከር። ሽቦውን የምህንድስና ጓደኞቻችን ከግቢው ቴክኒሽያን ጋር ሆነው ይዘርጉት። እኛ የአርት ተማሪዎች ደግሞ መዝገቡን እንይዛለን፤ መብራት የጠፋበትን ሰዓት፣ ኢንተርኔቱ የቆየበትን ሰዓት፣ የባትሪውንም ቮልት በየቀኑ እንጽፋለን። በሴሚስተሩ መጨረሻ መዝገቡ በጠቅላላ ስብሰባ ፊት ይነበብ። ሐሳባችን ስሕተት ሆኖ ከተገኘ መዝገቡ ይፈርድብናል፤ ትክክል ከሆነ ግን ገንዘባችን ወደ ነዳጅ ጢስ ከመለወጥ ይድናል።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ስብሰባው በቀረበ ጊዜ መጥታችሁ ድምፅ እንድትሰጡ እንለምናችኋለን። በጨለማው ኮሪደር ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ መስመር የሚጠብቀውን ያን ድኻ ተማሪ የሚያስጠብቀው የኤሌክትሪክ እጦት ሳይሆን የእኛ አለመወሰን እንዳይሆን እንፈራለን።