ለተጨነቀ ፈረስ ውሃና ዕረፍት ይቅደም

በውጭ አገር ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ካናቢዲዮል የተባለ ዘይት ለፈረስ ጭንቀት ማስታገሻ እየተባለ ይሸጣል። ፈዋሽነቱ ግን ገና በበቂ ጥናት አልተረጋገጠም። በአገራችንም ካናቢስን ያለ ፈቃድ ማምረትና ማዘዋወር በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል።

ወደ ቤሌ ገበያ ጭነት የሚያመላልስ ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ ከጣለ፣ መኖም ከተወ፣ አመለኛ ነው ብሎ በጅራፍ መግረፍ ስሕተት ነው። ብዙውን ጊዜ ገላው በጠፍር ተልጦ፣ ጥም ጸንቶበት ወይም ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነው። ፈረስ ሥራ ፈትቶ ቢውል እንኳ በየቀኑ ብዙ ውሃ ያሻዋል፤ በቆላ ሙቀት ሲደክም ፍላጎቱ ይበልጣል። ወደ ኦሞ ቆላ የሚወርደውን ደግሞ ገንዲ ያሰጋዋልና ከከሳ ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለገበያው ቀን የውሃ ገንዳና ጥላ ማዘጋጀት፣ የቆሰለ ፈረስም ቁስሉ ሳይሽር እንዳይጫን መቆጣጠር ይገባቸዋል። ባለፈረሱ የዕለት ገቢዬ ቀረ ብሎ ቢከራከር አይፈረድበትም፤ ፈረሱ ከሞተ ግን የዓመቱም ይቀራል።