ትራክተር ሲንኳኳ ማቆም ስንፍና አይደለም

በእርሻ ወቅት ትራክተሩን ያቆመ ነጂ ሥራ እንዳስተጓጎለ ተቆጥሮ ሲወቀስ እናያለን። እኛ ግን ያልተለመደ ድምፅ ሰምቶ የሚያቆም ነጂ ሊመሰገን ይገባዋል እንላለን።

ድምፅ ሁሉ እኩል አይደለም። ሞተር ሲነሣ ቺንጋው የሚያፏጭ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ላልቷል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ማጥበቅ፣ ካረጀም መለወጥ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ የኩሽኔታ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ለጥገና ይቅረብ። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣ፣ ጭነት ሲበዛ የሚበረታ የታፈነ ኳኳታ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። የዘይት ግፊት መለኪያው ደኅና ቢያሳይም ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ቀጥሎ የዘይቱ መጠን ይታይ። የተበላ ብሮንዚን በጊዜው ከተለወጠ ኮሎው ሊተርፍ ይችላል። «ይህችን ማሳ ልጨርስ» ከተባለ ግን ኮሎው ይበላሻል፤ ሞተሩ ተፈቶ ሲጠገን የዘር ጊዜ ያልፋል።

በሄክታር ልክ የሚከፈለው ነጂ ለማቆም ይፈራል። ስለዚህ የማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴዎች ለምርመራ የቆመበትን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይቁጠሩለት። የኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ነጂውን «ስንት ሄክታር አረስክ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ድምፅ ሰማህ?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።