ታብሌቷ ራቤል፣ ሰርቨሩ አዲስ አበባ

እኛ የከተማ ልጆች «አፕዴት» ሲባል ብዙም አንደነግጥም። ዋይፋይ ያለበት ካፌ እንገባለን፣ ማኪያቶ እናዛለን፣ ማኪያቶው ሳያልቅ ስልኩ ታድሶ ይጠብቀናል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት «ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ወደ አዲሱ ቨርዥን ይግባ» ብሎ ደብዳቤ ቢበትን ምን ችግር አለው እንላለን። እስቲ ደብዳቤው ግሼ ራቤል ሲደርስ እንየው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር መዝገቡ ወረቀት ነበር። ከዚያ ታብሌት መጣ። ባለሙያዋ ከጎጥ ጎጥ እየዞረች የነፍሰ ጡሯን ክትትል፣ የሕፃኑን ክትባት ትሞላለች። ኔትወርክ እስኪገኝ መረጃው ታብሌቱ ላይ ይቀመጣል። መንዝ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት መውጣት ነው፤ መርሐቤቴ ከሆነ ደግሞ የጀማና የወንጪት ገደል አለ። መረጃው እስኪላክ ድረስ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አፕዴት ማለት እንግዲህ ያቺን አንዲት ቅጂ መነካካት ነው። ከጠፋች ደግሞ የጠፋው «ዳታ» አይደለም፤ ሦስተኛ ዙር ክትባቱ የቀረበት ሕፃን ስም ነው። ስሙ ከሌለ ማንም ቤቱን አያንኳኳም።

እንዴት ይጠፋል? ብዙ ጊዜ በደግ ሰው እጅ ነው የሚጠፋው። አፑ እምቢ ሲል «አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው» የሚል ምክር አለ፣ ሁላችንም ሰጥተነዋል። ይህ ምክር ድሮ ያን ያህል አደገኛ አልነበረም። ኦዲኬን እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ለጥናት ወደ ገጠር የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የመረጃ መሰብሰቢያ ነው። የተሞሉት ቅጾች ስልኩ ላይ ክፍት ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ አፑ ቢጠፋም ፎልደሩ ይቀራል። ጉግል ለደህንነት ብሎ አንድሮይድን ሲያጠብቅ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ኦዲኬም ቅጾቹን ወደ አፑ የግል ማስቀመጫ አዛወረ። ከዚያ ወዲህ አፑን ማጥፋት ማለት ያልተላኩትን ቅጾች አብሮ ማጥፋት ሆነ። አፑ ተለወጠ፣ ምክሩ ግን ከአፍ ወደ አፍ እንደነበረ ቀጠለ!

ሌላው ጣጣ ከሰርቨሩ ወገን ነው። አዲስ ቅጽ ሲወጣ አሮጌውን የሚሰርዝ አስተዳዳሪ አለ፣ ንጽሕና ስለሚወድ። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት እንደተዘጋ ቆየ። እንበልና በዚያ መሐል ማዕከሉ ቅጹን ቀይሮ አሮጌውን ሰረዘ። ኔትወርኩ ሲመለስ ታብሌቱ የወራት ሥራውን ተሸክሞ በሩ ላይ ይቆማል፤ ሰርቨሩም «አላውቅህም» ይለዋል። ጎበዝ፣ የማን ጥፋት ነው?

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ የአፕዴቱን ቀን መወሰን ያለበት ከሁሉም ኋላ የሚደርሰው ታብሌት ነው። ሰርቨሩ ቀድሞ ይታደስ፣ ግን አሮጌውንም ቅጽ መቀበሉን ይቀጥል፤ ለሳምንት ሳይሆን ለአንድ ሙሉ ክረምት። ሙከራው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በአዲስ ታብሌት አይሁን። ሚሞሪው የሞላ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ያልተላከ ቅጽ የታጨቀበት አሮጌ ታብሌት ይፈለግና በእሱ ላይ ይሞከር። ደብረ ብርሃን ላይ ከሠራ ሠራ ማለትም አይቻልም፤ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዋናው አስፋልት ላይ ናት። ከዚያ በፊት ያልተላከው ሁሉ በኬብል ወደ ወረዳው ላፕቶፕ ይገልበጥ፤ የአፑ አሮጌ ቅጂም በፍላሽ ይቀመጥ፣ መመለሻ እንዲኖር።

ጊዜውም ይታሰብበት። የጤና ሪፖርት ወሩን የሚቆጥረው ከ21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ነው። ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት አፕዴት ማዘዝ ሪፖርት አስረካቢውን እጅ ከወርች ማሰር ነው። (በነገራችን ላይ ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌርም አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።)

«አሮጌ ቨርዥን የደህንነት ቀዳዳ አለው፣ ሁለት ቨርዥን ጎን ለጎን ማስኬድም ወጪ ነው» የሚል ሙግት እንሰማለን። እውነት ነው፣ ወጪ ነው። ግን የሁሉም መረጃ በአንድ ቦታ የተከማቸበት ሰርቨር አዲስ አበባ ነው ያለው፤ እሱን ዛሬ ማታ መድፈን ይቻላል። ታብሌቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ በአንድ ሰኞ እንድፈን ማለት ግን አንዲቷን ቅጂ በቁማር ማስያዝ ነው። ለጥንቃቄ ተብሎ ታብሌት በፓስወርድ ይቆለፍ፣ ይመስጠር፤ ያልተላከው እስኪላክ ግን ይጠበቅ።

ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌት ተገዝቶ ነበር። ቆጠራው በ2011 ዓ.ም ዳግመኛ ተራዘመ። ታብሌት ደግሞ እንደ ጠጅ ሲቆይ አይጣፍጥም፤ ባትሪው ይደክማል፣ አንድሮይዱ ያረጃል። ነገ ቆጠራ ቢታወጅ የመጀመሪያው ሥራ በመላ አገሪቱ አፕዴት ማድረግ ነው፤ የመንዝ ቆጣሪም ልክ እንደ ጤና ባለሙያዋ ዳገቱን ይወጣል።

እና ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት አንድ ሰው ስልክ ያንሳና መሐል ሜዳ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ይደውል። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ያልተላከ ስንት አላችሁ?» ዜሮ እስኪባል ድረስ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።