እሳት የሚያጠፉልንን ማን ይጠብቃቸው?

ክቡር አዘጋጅ፣

በከተማችን በባሕር ዳር እሳት ተነሥቶ በጠፋ ማግስት የሚነሡት ጥያቄዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። መኪናው ለምን ዘገየ? ውሃው ለምን አለቀ? ጣና ሐይቅ አጠገባችን ተኝቶ ውሃ እንዴት ይጠፋል? ንብረቱ የወደመበት ሰው ይህን ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ መልስም ይገባዋል። እኔ ግን በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝና ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው የምጽፍልዎ። ጢሱ ውስጥ ገብቶ የወጣው ሠራተኛስ እንዴት አደረ? ምን አስተምረን ላክነው? ሲመለስስ ማን ተቀበለው? የእሳት አደጋ ሠራተኛ የደኅንነት ሥልጠናና የአእምሮ ጤና ክብካቤ የሥራው አካል ሆኖ በመመሪያ ሊጻፍለት፣ በጀትም ሊያዝለት ይገባል ባይ ነኝ። ለጋሽ በተገኘ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ፣ አበል ተከፍሎበት፣ ፎቶ ተነሥተው የሚበተኑበት ዐውደ ጥናት ሆኖ መቅረት የለበትም።

ደኅንነት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የራስ ቁርና ቦት ጫማ ነው። ከእነሱ የሚቀድመው ግን መቼ እንደሚገቡ፣ መቼ እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚወጡ ማወቅ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ማን ይረሳል? ናዳ ወርዶ ቤተሰብ ሲቀበር ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የቀበሌው ሰውም በዶማና በእጁ ሊያወጣ ተሯሯጠ፤ በዚያው ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹም ለማዳን የመጡ ነበሩ። ያን ሕዝብ ለመንቀፍ አፉ የሚከፈትለት የለም፤ የወገን ፍቅር ነው ያስሮጠው። ሆኖም የሠለጠነ ቡድን ቢሆን ከመቆፈሩ በፊት አንድ ሰው ዳገቱን ብቻ እየተመለከተ እንዲቆም ያደርጋል፤ ምልክት ሲሰጥም ሁሉም ይሸሻል። በየጉድጓዱ የምናየው ሞትም ከዚህ አይለይም። አንዱ ታፍኖ ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ሲቀር ጎረቤቱ ይከተላል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው መርዝ ስለማይታይ ሁሉም የሚገባው ‘እኔ እደርስለታለሁ’ ብሎ ነው።

ወደ ከተማችን ልመለስ። ዛሬ በገበያ መደብሮቻችን የሚነደው እንጨትና ጨርቅ ብቻ አይደለም። የስፖንጅ ፍራሽ፣ ፕላስቲክ፣ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ፣ ቀለምና ጎማ አብሮ ይነድዳል። ከእነዚህ የሚወጣው ጢስ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ ያዘለ ነው፤ ነበልባሉ ሳይነካው ሰውን ይጥላል። አፍንጫ ላይ የታሠረ እርጥብ ፎጣ ጥላሸቱን በመጠኑ ይይዝ እንደሆን እንጂ ጋዙን አያስቆምም። ‘ግባ እንጂ! ምን ቆመህ ታያለህ!’ እያለ ሕዝቡ በሚጮህበት ሰዓት የመተንፈሻ መሣሪያ ሳያጠልቅ አልገባም ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል። ያን ድፍረት የሚሰጠው ሥልጠናና ከኋላው የሚቆም አለቃ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሣ ሱቆቹ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደተሠሩ አገር አይቷል። የእኛ የቅዳሜ ገበያም መተላለፊያው ጠባብ ነውና ከዚያ መማር አለብን።

ጉዳቱ እሳቱ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2014 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው አንደኛ ምድብ ውስጥ መድቦታል። ይህ ውሳኔ ባሕር ዳር ላይ ምን ማለት እንደሆነ በሠራተኛው ልብስ ላሳይ። ጥላሸት የጠጣው የሥራ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ባለቤቱ በዚያው የልጆቹ ልብስ በሚታጠብበት ሳፋ ታጥበዋለች፤ ውሃው ጥቁር ሆኖ ደጃፍ ላይ ይደፋል። ሁለተኛ ቅያሪ ልብስ መስጠት፣ እዚያው ጣቢያው ላይ የሚታጠብበትን ቦታ ማዘጋጀት፣ ሠራተኛው ገላውን ሳይታጠብ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ማድረግ ያን ያህል የሚከብድ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው እንደ ጉዳይ ቆጥሮ የሚይዘው ሰው መጥፋቱ ነው።

እንደ እኛ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሕዝብ ደግሞ አደጋው ከእሳት ይሰፋል። ሰው ውሃ ሲበላው ታንኳ ቀዛፊው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ዋናተኛው ወጣትና የአደጋ ሠራተኛው አብረው ነው የሚፈልጉት። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በሚያመጡት ደለል ጣና የደፈረሰ ነው፤ ስለዚህ ጠላቂው የሚፈልገው በዓይኑ ሳይሆን በእጁ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ከዳር ቆመን የምናይ ሰዎች አንገምተውም። በጨለማ ውሃ ውስጥ እየዳሰሰ ሄዶ፣ ሲፈልገው የነበረውን ነገር ጣቱ ይነካል። እላይ ደግሞ እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች ትጠብቀዋለች። ይዞ ሲወጣ ‘ተገኘ!’ ይባላል፤ ሁሉም ወደ ሬሳው ይሮጣል፤ እሱ ብቻውን ዳር ላይ እየተንቀጠቀጠ ይቀራል። ገመድ የሚይዝለትና ላፍታ ዓይኑን ከእሱ የማያነሣ ጓደኛ ሳይኖረው መጥለቅ የለበትም። ውሃው ውስጥ ሌላም ስጋት አለ፤ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ እንዳለ ደግሞ እኛ የጤና ባለሙያዎች ጠንቅቀን እናውቃለን፤ በሥራው ምክንያት ውሃ የሚገባ ሰው በየጊዜው ሊመረመርና ፕራዚኳንቴል ሊሰጠው ይገባል። ይህን ተራ ምርመራ እንኳ መመሪያው ውስጥ አስገብቶ መጻፍ ይቻላል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። አንድ ሌሊት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በቤት ቃጠሎ የተጎዳች ሕፃን ይዘውልን መጡ። ሐኪሞቹ ሲረባረቡ አንደኛው ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ በኩባያ ውሃ ሰጠችው፤ ያዘው እንጂ አልጠጣውም። ባለፍሁ ቁጥር ‘ሲስተር፣ ልጅቷ እንዴት ናት?’ ይለኛል። ‘እየታገሉላት ነው፣ ወንድሜ’ እለዋለሁ። ሌላ ጥሪ መጥቶ መኪናው ሊሄድ ሲል ተነሣ፤ ኩባያውን እንደሞላ አግዳሚው ላይ ትቶት ሄደ። ሕፃኗ ሳይነጋ አረፈች። ይህን ለእሱ የሚነግር ሰው አልነበረም። የእኛም ሥራ አልነበረም፤ የማንም ሥራ ሆኖ አልተጻፈም። በኋላ የሰማው በሰፈሩ በኩል ሲያልፍ የለቅሶ ድንኳኑን አይቶ ነው።

ሰዎቻችን ይህን የመሰለውን ነገር ‘ሆድ ይፍጀው’ ብለው ይይዙታል። ሆድም ይፈጃል፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ቁጣ ያመጣል፣ ከቤተሰብ ያቀያይማል፣ ወደ አረቄ ይገፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው አደጋ ላይ ቧንቧውን አላልቶ ያሥራል፣ የሚሰነጠቅ ጣሪያ ድምፅ ያመልጠዋል። ለዚህ ነው ደኅንነትንና የአእምሮ ጤናን በአንድ ደብዳቤ የጻፍኋቸው። በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 ቢኤምጄ ኦፕን በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ከአምስቱ ሠራተኞች አንዱ ገደማ በሥራው ካየው ሰቀቀን የመጣ የአእምሮ ሕመም ምልክት እንዳለበት አሳይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀበር ለቀናት ቆሻሻውን እየቆፈሩ አስከሬን ሲያወጡ የሰነበቱትን ሳስብ ቁጥሩ አይገርመኝም።

ምን ይደረግ ለሚሉኝ፣ ሁሉንም በአንድ ክፍል ሰብስቦ ‘ያያችሁትን ተናገሩ’ ማለት መፍትሔ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአደጋ በኋላ ወዲያው የሚደረገውን ይህን ዓይነቱን የአንድ ጊዜ ማናዘዝ አይመክርም። የሚመከረው ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ ርዳታ ነው፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚረዳ ሰው ጋር ማገናኘት። ይህን የተረኛ ቡድን መሪ በጥቂት ቀናት ሊማረው ይችላል። ማን ዝም እንዳለ፣ ማን መብላት እንዳቆመ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው አብሮት የሚያድረው ባልደረባው ነውና። ሕፃን ከሞተበት ወይም ጓደኛው ከተጎዳበት አደጋ በኋላ ሠራተኛው ሳይጠይቅ እረፍት ይሰጠው። የበረታበት እንደሆነ በምስጢር የሚታከምበት በር ይኑር፤ የታከመበት ወረቀት የግል ማኅደሩ ውስጥ አይግባ። ‘አበደ’ ተብሎ ከተራው እንዳይወጣ የሚፈራ ሰው በሩ ቢከፈትለትም አይገባም።

‘መጀመሪያ መኪናና ልብስ ይሟላ፣ የአእምሮው ጉዳይ ይደርሳል’ የሚሉ አሉ። መኪናውም ልብሱም ይሟላ፤ እኔም እጮኻለሁ። ነገር ግን መኪና የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ እኔ የምለው ሥልጠና ግን አሠልጣኙ እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የሥነ ልቦና መምህራን አሉት፤ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በእጁ ነው። ‘ጸበሉና የንስሐ አባቱ ይበቃዋል’ ለሚሉትም አክብሮት አለኝ፤ እኔ ራሴ በጸሎት የምጽናና ሰው ነኝ። አባቶችም ሥልጠናው ላይ ቢገኙ፣ ወደ ሐኪም መሄድ ነውር እንዳልሆነ ከእነሱ አፍ ቢሰማ ከእኛ ምክር ይበልጥ ይሰማል።

አባቶችን ካነሣሁ አይቀር፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የእሳት አደጋ መኪና አይሄድም። ጧፍ በሚበራበት፣ ብራናና ሥዕል በሞላበት ደሴት የመጀመሪያው እሳት አጥፊ መነኩሴው ነው፤ በስሜን ተራሮች በ2011 ዓ.ም. እሳቱ ሲነሣ ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪደርሱ ድረስ በቅጠል እየመታ ሲከላከል የነበረው የአካባቢው ገበሬ እንደነበረ ሁሉ። ሥልጠናው እስከ እነሱ ይድረስ።

ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 155 የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። የከተማው አስተዳደር፣ የጤና ቢሮው፣ ዩኒቨርሲቲውና የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ራሳቸው ከመጪው በጋ በፊት ተቀምጠው አጭር መመሪያ ይጻፉ፤ ሠራተኞቹ ሳይጠየቁ ግን ምንም አይጻፍ። ሆስፒታል የገባ ተጎጂ ምን ላይ እንደደረሰ ላመጣው ሠራተኛ የሚነግር አንድ ሰው በየተራው ይመደብ። የሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ ርዳታውን ትምህርት ከሥራ ሰዓቴ ውጭ ያለ ክፍያ ለማስተማር እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ አብረውኝ የሚሠሩ ነርሶችም እንዲሁ ብለውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ
ባሕር ዳር